ዘፈን መጋበዝ፦ ከአዝማሪ ቤት እስከ ካሴት ቤት

ዘፈን መጋበዝ በኢትዮጵያ ከሸክላም ከሬዲዮም በፊት የነበረ ልማድ ነው። ሰው የወደደውን ዜማ ብቻውን ሰምቶ አይጠግብም፤ ለወዳጁ፣ ለእንግዳው፣ ለተቀየመው ሰው ሳይቀር እንዲደርስለት ይፈልጋል። ባለፉት መቶ ዓመታት የግብዣው መሣሪያ ደጋግሞ ተለውጧል። መጀመሪያ የአዝማሪ አፍ ነበር፤ ቀጥሎ ሸክላ መጣ፤ ከዚያ ለሬዲዮ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ካሴት፣ በመጨረሻም የእጅ ስልክ። የአገሪቱ የዘፈን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በድምፃውያንና በባንዶች ስም ይተረካል። ዘፈኑን የመረጡት፣ ያስቀዱትና ለሌላው ያቀበሉት ሰዎች ድርሻ ግን ከዚያ አያንስም፤ ዛሬ «የድሮ» እየተባሉ ከሚወደዱት ዘፈኖች ብዙዎቹ ከመጥፋት የዳኑት በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልማዱ የመጀመሪያ ቤት አዝማሪ ቤት ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየጠጅ ቤቱ፣ በየሠርጉና በየመኳንንቱ አዳራሽ ሲጫወት የሚዘፍነውን የሚመርጠው ብቻውን አልነበረም። ታዳሚው በመጀመሪያ ቅኝቱን ይጠይቃል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ። አራቱ ቅኝቶች የየራሳቸው ስሜት ስላላቸው ምርጫው ራሱ ንግግር ነበር። ትዝታ ያዘዘ ሰው ልቡ ወዴት እንደሄደ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሳይነገረው ይገባዋል፤ አምባሰል ያዘዘ ሰውም ብዙ ጊዜ አገሩን ወሎን እያሰበ ነው። ቅኝቱ ከተያዘ በኋላ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይነግራል። አዝማሪው የተነገረውን ወዲያው በዜማው ላይ አሳርፎ ይዘፍነዋል፤ ቤት ካልመታ ያስተካክለዋል፤ ሰሙ ከሳሳ ወርቁን ይበልጥ ይደብቀዋል።

ግጥሙ ለማን እንደተላከ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የተላከለትም ሰው በተራው ስንኝ ነግሮ በዚያው አዝማሪ አፍ መልስ ይሰጣል፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሳይነጋገሩ በማሲንቆ ሲሞጋገሱ ወይም ሲካሰሱ ማምሸት የተለመደ ነበር። ደስ ያለው ታዳሚ የብር ኖት አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። የጋበዘው ሰው ማንነት በግልጽ መታወቁ፣ የተጋበዘውም ሰው መልስ የመስጠት ዕዳ ያለበት መሆኑ የዚህ ልማድ ዋና ጠባይ ነው፤ መሣሪያው ከተለወጠ በኋላም ለረጅም ጊዜ አልጠፋም።

ዘፈን ከዘፋኙ ተለይቶ መጓዝ የጀመረው በሸክላ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመኪና ሙያ እንዲማር ወደ ጀርመን የተላከው ተሰማ እሸቴ በ1908 እና በ1910 መካከል ድምፁን በዚያ አገር በሸክላ አስቀረጸ። እነዚህ ቅጂዎች የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሸክላዎች ተደርገው ይቆጠራሉ። ተሰማ ኋላ ነጋድራስ ተብሎ የተሾመ፣ በቅኔ አዋቂነቱ ስሙ የገነነ ሰው ሆነ፤ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለዓመታት የመራው ይድነቃቸው ተሰማም ልጁ ነበር። ሸክላውና ግራሞፎኑ ግን ውድ ስለነበሩ ከመኳንንትና ከሀብታም ነጋዴዎች ቤት ብዙም አልወጡም። በእንዲህ ያለ ቤት ዘፈን የሚመርጠው ባለቤቱ ነበር፤ እንግዳው የቀረበለትን ይሰማል።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ ምርጫው ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ራስ ተፈሪ በ1924 አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንድ አቋቋሙ። በ1935 መኮንን ሀብተ ወልድ የመሠረቱት የአገር ፍቅር ማኅበር ተነሣ፤ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ሬዲዮም ሥርጭቱን ጀመረ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች አንዱ ከአንዱ እየተፎካከሩ አደጉ፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራም ተጨመረ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ ስም ያወጡት በክቡር ዘበኛ ነው። እነዚህ ድምፃውያን ወታደራዊ ደሞዝ የሚከፈላቸው፣ በትእዛዝ የሚዘፍኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚሰማቸውም በቴአትር ቤት መድረክና በሬዲዮ ነበር።

ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በመሆኑ በዚያ ዘመን የአገር ውስጥ ዘፈን እንደ ልብ በሱቅ የሚገዛ ዕቃ አልሆነም። የኦርኬስትራዎቹ ሥራ የተቀመጠው በሬዲዮ ጣቢያው ጥቅል ቴፖች ላይ ነው። አድማጭ የሚወደውን ዘፈን እንደገና ለመስማት ያለው መንገድ ለጣቢያው መጻፍ ነበር። በደብዳቤ የሚጠየቀው የአድማጮች ምርጫ የአዝማሪ ቤቱን ልማድ በአዲስ መልክ ቀጠለው። ደብዳቤው የዘፈኑን ስም በአንድ መስመር ይጠቅስና የተጋባዦቹን ስም በብዙ መስመር ይዘረዝራል፦ ለእናትና ለአባት፣ ለእህት ወንድሞች፣ ለጎረቤት፣ በሩቅ አገር ላለ ጓደኛ፣ አንዳንዴም ስሙ ሳይጠራ «ራሱን ለሚያውቅ» ሰው። አቅራቢው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል። ስሙ የተነበበለት ሰው በሰፈሩ ለሳምንት ይወራለታል። ስለዚህ የአድማጮች ምርጫ የዘፈን ፕሮግራም ብቻ አልነበረም፤ ስልክ ባልተስፋፋበት አገር ሰላምታ የሚላክበት፣ ዝምድና የሚታደስበት መንገድ ነበር። አንድ ዘፈን ተደጋግሞ ሲጠየቅ ጣቢያው ደጋግሞ ያጫውተዋል፤ ሲደጋገምም ሌላው አድማጭ ይለምደውና እሱም ይጠይቀዋል። በዚህ መንገድ ጥቂት ዘፈኖች የሁሉም ሆኑ፤ በጥቅል ቴፕ ላይ ሳይጠየቁ የቀሩትን ግን ከባለሙያዎቹ በስተቀር የሚያስታውሳቸው አልነበረም።

በ1960ዎቹ የወጣቱን ጆሮ የሚስበው ሬዲዮው ብቻ መሆኑ ቀረ። በአስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር ቃኘው ጣቢያ በራሱ ሬዲዮ ሶልና ሮክ ያሰማ ነበር፤ ከወታደሮቹ እጅ የሚወጡ ሸክላዎችም በከተሞች ይዘዋወሩ ነበር። በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች ጁክ ቦክስ ገባ፤ ሳንቲም ከትቶ ቁልፍ የተጫነ ሰው የመረጠውን ዘፈን ለቤቱ ሁሉ ያሰማል፤ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ መገባበዝም በዚያ ቀጠለ። ከሱዳን የመሐመድ ወርዲና የሰይድ ኸሊፋ ዘፈኖች ገብተው እንደ አገር ልጅ ተወደዱ፤ ቅኝታቸው ከኢትዮጵያው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ጋር ስለሚዛመድ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ አብሮ ለማዜም አይቸገርም። የሕንድ ፊልም ዘፈኖችም በሲኒማ ቤቶች በኩል ወደ መርካቶ ሰፈሮች ደረሱ። በምሥራቅ ደግሞ በድሬዳዋ የአፍራን ቀሎ ባንድ ወጣቶች በኦሮምኛ መዝፈን እንደ ድፍረት በሚታይበት ጊዜ ዘፈኖቻቸውን በሠርግና በሰፈር ግብዣ ያሰሙ ነበር። ዓሊ ቢራ ከዚያ ወጣ። በሬዲዮ የማይጋበዝ ዘፈን ከሰው ወደ ሰው መሄዱን አላቆመም፤ የዓሊ ቢራ ዝና ከድሬዳዋና ከሐረር አልፎ የተስፋፋውም በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ሙዚቃ ቤት የሚባለው ሥራ የተወለደው። አምሐ እሸቴ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ወጣት ሳለ በአዲስ አበባ ሸክላ ቤት ከፍቶ የውጭ አገር ሸክላዎችን ይሸጥ ነበር። ደንበኞቹ የአሜሪካ፣ የሕንድና የሱዳን ዘፈን ሲጠይቁ እያየ የአገራቸው ዘፈን በመደርደሪያው ላይ አለመኖሩ ያሳስበው ጀመር። የአገር ፍቅርን ብቸኛ መብት የሚደግፍ ሕግ መኖሩን እያወቀ፣ መታሰር ቢመጣም ተቀብሎ፣ በ1969 አምሐ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በአገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀዳው ቴፕ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ ተልኮ ታትሞ ተመለሰ። ሸክላው ሲገባ አምሐ ድምፅ ማጉያ ወደ ሱቁ ደጃፍ አወጣ፤ አላፊ አግዳሚው መንገዱ ላይ ቆሞ ጨፈረ። ሊያስረው የመጣ ሰው ግን አልነበረም። አምሐ እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎችንና ከአሥር በላይ ትልልቅ ሸክላዎችን አሳተመ። ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ሂሩት በቀለ፣ ጌታቸው ካሣ፣ ሙሉቀን መለሰ በእነዚህ ሸክላዎች ወደየቤቱ ገቡ።

የአምሐ ድፍረት ከአንድ ሰው የንግድ ስኬት የሚያልፍ ነገር አደረገ። እስከዚያ ድረስ ዘፈን የሚመርጠው ተቋም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በገንዘቡ የሚወስን ገዢ መጣ። ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ ለዚህ ተስማሚ ነበር፤ ገዢው አንዱን ዘፈን ብሎ ይገዛል፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቤቱ ገብቶ ያገኘዋል። ብዙ ሰው ከልቡ የያዘው ዘፈን ያ በጀርባ የነበረው መሆኑ የማያስደንቅ ነው። የሙዚቃ ቤቱ ሻጭም አዲስ ዓይነት አዋቂ ሆነ። የማን አዲስ ሸክላ እንደገባ፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበው፣ ለሠርግ የሚሆነው የቱ፣ ለብቻ የሚሰማው የቱ እንደሆነ የሚጠየቀው እሱ ነው። ዓሊ አብደላ ኬይፋ፣ ሕዝቡ ዓሊ ታንጎ የሚለው፣ ከዚሁ ሥራ ተነሥቶ ኬይፋ ሬከርድስን አቋቋመና በ1970ዎቹ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ጨምሮ ብዙ ሥራዎችን አወጣ። ማሕሙድ ራሱም በኋላ በፒያሳ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ነበር።

የ1974 አብዮት የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው። የሰዓት እላፊ ለአሥራ ሰባት ዓመታት ያህል ቆየ። ቡና ቤቶችና የአዝማሪ ቤቶች በጊዜ ይዘጉ ጀመር፤ መጨፈር የፈለገ ሰው ሆቴል ገብቶ እስከ ንጋት በዚያው ይታገዳል። የግጥም ሳንሱር ጠበቀ፤ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። አምሐ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላ ማሳተም እየቀነሰ ሄዶ በ1978 ገደማ ቆመ። ቦታውን የያዘው ካሴት ነው፤ ካሴት ደግሞ ከሸክላ የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነበር። ሸክላ ይሰማል እንጂ አይገለበጥም፤ ካሴትን ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ ሊያባዛው ይችላል።

የዘፈን ግብዣ ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚበለጽገው በዚህ የካሴት ዘመን ነው። ታንጎ፣ አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ሱፐር ሶኒክ፣ ሶል ኩኩ የመሳሰሉ ሙዚቃ ቤቶች አዳዲስ ካሴት ያሳትሙ ነበር። ከእነሱ ሌላ በየሰፈሩና በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ማሳተም የማይችሉ፣ ሥራቸው መቅዳት ብቻ የሆነ ትንንሽ ካሴት ቤቶች ተከፈቱ። ደንበኛው ባዶ ካሴት ይገዛል ወይም ከቤቱ አሮጌ ካሴት ያመጣል፤ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መጥቶ ይወስዳል።

ያች ወረቀት ራሷ የምትጠና ሰነድ ናት። የ60 ደቂቃ ካሴት በእያንዳንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ይይዛል፤ አንድ ዘፈን አምስት ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ በአንድ ገጽ ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ አይገባም። ስለዚህ ሰውዬው መምረጥ አለበት። አንዱን ጥላሁን ካስገባ ሌላውን ጥላሁን መተው ግድ ይሆንበታል። ለፍቅረኛው የሚያስቀዳ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ራሱ መልእክት ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታ የሚመስል ዘፈን፣ መሐል ላይ ወቀሳ፣ መጨረሻ ትዝታ። ለሾፌር ወይም ለሠርግ የሚቀዳው ደግሞ ከጉራጌኛ ወደ ወሎ፣ ከወሎ ወደ ትግርኛ፣ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ እየዘለለ እግር እንዳያርፍ ተደርጎ ይሰናዳል። በአንድ ካሴት ላይ የአስናቀች ወርቁ ክራር፣ የሱዳን ዘፈን፣ የሮሃ ባንድ ሞቅ ያለ ሙዚቃና አንድ የአሜሪካ ሶል አብረው መገኘታቸው ለዚያ ዘመን ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። የሙዚቃ ዓይነት ድንበር ለሬዲዮ ጣቢያና ለሻጭ ይመቻል፤ ዘፈን የሚጋብዝ ሰው ግን በስሜት እንጂ በዓይነት አይመርጥም።

ቀጂውም የራሱ ዘዴ ነበረው። ገጹ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሌላ ዘፈን ቢጀምር መሐሉ ላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጎበዝ ቀጂ ትርፉን ደቂቃ ግጥም በሌለው ሙዚቃ ይሞላዋል። የዋልያስ ባንድ ወይም የሙላቱ አስታጥቄ መሣሪያዊ ሙዚቃ ብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ደንበኛው ሳያዝዘው፣ ስሙንም ሳያውቀው። ወረቀቱ አጥሮ ቦታ ከተረፈም ቀጂው ከራሱ ምርጫ አንድ ሁለት ይጨምራል፤ ደንበኛው በሚቀጥለው ሲመጣ «ያ መጨረሻ ላይ ያለው የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚቀጥለው ካሴት ከዚያ ይጀምራል። ቅጂው ካለቀ በኋላ እንዳይጠፋ የካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይሰበራሉ። ሐሳቡን የለወጠ ሰው የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍኖ እንደገና ይቀዳበታል። ቴፕ ካሴት ሲበላ ክሩን በጥንቃቄ አውጥቶ በእስክሪብቶ ማጠንጠን ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያውቁት ሥራ ነበር። በደጋገሙት ቁጥር ድምፁ እየደከመ፣ የማሲንቆውና የከበሮው ጥራት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የቅጂ ቅጂ የሰሙ ሰዎች ግን ዘፈኑን ከነሹክሹክታው ወደዱት።

በካሴት የሚዘዋወረው ዓለማዊ ዘፈን ብቻ አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ የገዛው ደርግ የወንጌላውያንን አብያተ ክርስቲያናት በዘጋባቸው ዓመታት መዝሙሮቻቸው ከቤት ወደ ቤት የሚያልፉት በእጅ በተቀዳ ካሴት ነበር። ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት ለዓመታት ታስሮ ሳለ መዝሙሮቹ በአገሪቱ ሁሉ ይሰሙ ነበር። የረጅም መንገድ ሾፌሮችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። ከአሰብ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች አዲስ ካሴት ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር፣ የክፍለ ሀገሩን ዘፈን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ አመላለሱ። ተሳፋሪ የወደደውን ዘፈን ሾፌሩን ጠይቆ ስሙን በወረቀት ጽፎ ይወርዳል።

ለድምፃውያኑ ግን ይህ ሁሉ ግብዣ ዳቦ አልሆናቸውም። አሳታሚው ሙዚቃ ቤት ለዘፋኙ አንድ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስንት ካሴት ቢሸጥ የዘፋኙ ድርሻ አልነበረም። ካሴቱ በወጣ ማግሥት ደግሞ ቅጂው በመንገድ ላይ ይሸጣል፤ አሳታሚውም ይከስራል። ደራሲና የዜማ ባለቤትን የሚጠብቀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው፤ ያኔ የካሴት ዘመን ወደ ማብቃቱ ነበር። አድማጭን ያበለጸገው ልማድ ሠሪዎቹን ማደህየቱን ማለፍ አይገባም፤ ብዙ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች በእርጅናቸው የሰው እጅ ያዩት ዘፈናቸው ስላልተወደደ አልነበረም።

ስደት ለካሴት ሌላ መንገድ ከፈተለት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሱዳን፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የወጣው ሰው ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው በደብዳቤና በካሴት ነበር። ሰዎች በአንዱ ገጽ ድምፃቸውን ቀድተው፣ በሌላው ገጽ ዘፈን ሞልተው በመንገደኛ ይልካሉ። ከዋሺንግተን የሚመጣ ካሴት ደግሞ በተራው በአዲስ አበባ ይባዛል። አስቴር አወቀ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ የሠራቻቸው ዘፈኖች ወደ አገር ቤት ከገቡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወደ ውጭ አድማጭ የደረሰውም በዚሁ ከሰው ወደ ሰው በሚሄድ መንገድ ነው። በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጅ ወዳጁ ያመጣውን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰማ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበርና በካሴት አባዝቶ ለሚያውቃቸው ጋዜጠኞችና ሙዚቀኞች ላከ፤ እነሱም ከየት እንደመጣ አላወቁትም። በሚቀጥለው ዓመት ራሱ አዲስ አበባ ሄደ። «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ እንደገና ታተመ። ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የአምሐንና የኬይፋን ሸክላዎች በተከታታይ አሳተመ፤ ቅጾቹም ሠላሳ ደረሱ። ከዚያ መሐል የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ የያዘው አራተኛው ቅጽ በጂም ጃርሙሽ የ2005 ፊልም ውስጥ ገብቶ ኢትዮ ጃዝን በዓለም አሳወቀ። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ገዳም ሲኖሩ የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከአሥርተ ዓመታት በፊት በጀርመን ያሳተሙት የፒያኖ ሥራም በ2006 ከዚሁ ተከታታይ ሃያ አንደኛው ሆኖ ወጣ።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስገርማል። የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በአሜሪካ ቀርቶ በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን በማቀናጀት ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሸጠ፤ እሱ ግን በዋሺንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊ ብራያን ሺምኮዊትዝ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ከረጅም ዝምታ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። ያንን ካሴት ለዓመታት ሳይጥል በመደርደሪያው ያቆየው የባሕር ዳር ሻጭ ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር።

በአገር ቤት በ1991 የሰዓት እላፊው ሲነሣ የአዝማሪ ቤቶች እንደገና አንሰራሩ፤ ካዛንቺስ ከዋነኞቹ መንደሮች አንዱ ሆነች። ከእነሱ መሐል ፈንድቃ በውዝዋዜ ባለሙያው በመላኩ በላይ እጅ ከአዝማሪ ቤትነት አልፎ የባህል ማዕከል ሆኖ ነበር፤ የቀድሞ ቤቱ በ2024 ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ሬዲዮውም በአዲስ መልክ መጣ። በ2000 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ በ2007 ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሥራ ሲጀምሩ የዘፈን ግብዣ በደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ በስልክ ሆነ፤ ኋላም በአጭር የጽሑፍ መልእክት። አድማጩ የጋበዘውን ዘፈን ለሳምንታት መጠበቅ አላስፈለገውም።

ካሴቱን ሲዲ ተካው፤ ሲዲውንም ፍላሽና የስልክ ሚሞሪ። በየመንገዱ ዳር ኮምፒውተር የዘረጉ ወጣቶች ሚሞሪ መጫንን ሥራ አደረጉት፤ ደንበኛው ስልኩን ይሰጣል፤ በጥቂት ብር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ይጫኑለታል። ሥራው ከካሴት ቀጂው ጋር የሚመሳሰል ቢመስልም የምርጫው ሸክም ከደንበኛው ትከሻ ወርዷል። በ60 ደቂቃ ውስጥ አሥር ዘፈን ለመምረጥ የሚጨነቅ ሰው አሁን «የድሮ» ወይም «አዲስ» ወይም «የሠርግ» ብሎ ጠቅልሎ ያዝዛል። ቀጥሎ ዩቲዩብና ቴሌግራም መጡ። በአዲስ አበባ፣ በዋሺንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ ያሉ ሰዎች አንድን ዘፈን በአንድ ደቂቃ ይቀባበላሉ፤ ከሪያድ የቤት ሠራተኛዋ ለእህቷ የምትልከው ትዝታ ከሬዲዮ ደብዳቤው የሚለየው በፍጥነቱ ነው።

በዚህ ለውጥ ከጠፉት ነገሮች ትልቁ የካሴቱ ልባስ ነው። በልባሱ ላይ የእያንዳንዱ ዘፈን ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ፣ ቅንብሩን ማን እንደሠራ፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበ ይጻፍ ነበር። ሰዎች ይልማ ገብረአብን በግጥሙ፣ አበበ መለሰን በዜማው፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዎታን በቅንብሩ ያወቁት ልባስ እያነበቡ ነው። በስልክ የሚላክ ፋይል ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስም ብቻ፣ አንዳንዴም ያ እንኳ ሳይኖረው ይደርሳል፤ ከ1969 እስከ 1978 በታተሙት ሸክላዎች ላይ ያጀቡትን ሙዚቀኞች ስም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም የሚሄደው በእጃቸው ሸክላውንና ካሴቱን ወዳቆዩት የግል ሰብሳቢዎችና ሙዚቃ ቤታቸውን ገና ወዳልዘጉት ጥቂት ነጋዴዎች ነው።